የእርም መንገድ

መጀመሪያ የሰማሁት የሻንጣ ጎማ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ገና ማባራቱ ነበር። ጎማው ከላይኛው መንገድ ጀምሮ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ ወደ ሠፈራችን ይወርዳል፤ ጥቂት ይሄድና ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሰው ሳላይ ድምፅ ብቻ ሰምቼ ባለቤቱን በሐሳቤ መፍጠር የቆየ ልማዴ ስለሆነ፣ ብርድ ልብሴ ውስጥ እንዳለሁ አንዲት ወፍራም ነጋዴ ፈጠርኩለት፤ ዕቃዋ የከበዳት፣ በየደረሰችበት እየቆመች ትንፋሽ የምትሰበስብ። ጎማው እኛ በር ላይ ቆመና ሳይጀምር ቀረ። እማ ከኔ ቀድማ ተነሥታ በሩን ከፈተች። "ማነው?" አላለችም። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ወንድሜ አጵሎስ በአንድ እግሩ ቆሞ ሻንጣውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎታል፤ እማ የበሩን መቃን ይዛለች፤ ይተያያሉ።

ዘጠኝ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ኖሯል። ሲሄድ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በከተማችን በሆሳዕና ከዚያ የተመለሰ ሰው የሚታወቀው በሚነዳው መኪና ወይም በሚያስጀምረው ፎቅ ነው። አጵሎስ የመጣው በሚኒባስ ነው፤ እንደሚመጣም ለማንም አልተናገረም።

የሆነውን በቁርጥራጩ ሰማን። እሱና ኸይረዲን የሚባል የዳምቦያ ልጅ ከጆሃንስበርግ ወጣ ባለ መንደር በሽርክና ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ቀን ይሸጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል። ዘራፊዎች ገቡባቸው። ኸይረዲን እዚያው ሞተ። ወንድሜን ዳሌው ላይ መቱት፤ ከጥይቱ ግማሹ ሲወጣ ግማሹ አጥንቱ ውስጥ ቀረ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ያገራችን ልጆች አዋጥተው የኸይረዲንን አስከሬን ወደ ቤተሰቡ ላኩት። አጵሎስ ሲገንዙትም ሲሸኙትም አላየም። አሁን ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ የመረመረው ሐኪም አጥንቱ መመረዝ መጀመሩን ነግሮታል። ክረምቱ ሳይወጣ ቀዶ ጥገና ካልተደረገልህ እግርህን ታጣለህ ብሎታል፤ ዋጋውንም ነግሮታል። ለዋጋው የሚበቃ ገንዘብ ይዞ ነው የመጣው። ከዚያ የሚተርፈው ግን ብዙ አልነበረም።

እማ ይህን ስትሰማ ታዲያ ለምን እዚያው አልተኛህም ብላ ተቆጣችው። ገንዘቡ ካለህ፣ ሐኪሙ ካለ፣ እዚህ ድረስ በዚህ እግር ምን አመጣህ?

"እርሜን ሳላወጣ አልተኛም" አላት።

ሩቅ አገር ሳለ ሰው የሞተበት ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሟቹ ቤት ነው። ዓመታት ቢያልፉም እንደ ትናንት ቆጥሮ ከደጅ ጀምሮ ያለቅሳል፣ ከቤቱ ሰው ጋር ይሰነብታል፣ ባዶ እጁንም አይሄድም። ይህን እስኪያደርግ ሳቁ ሁሉ ሰው ፊት ነውር ይመስላል። አጵሎስ ባልነበረባቸው ዓመታት አባታችን ሞቷል። ሞርሲቶ ላይ የእማ ወንድም አጎቴ ብዙነህ ሞቷል። አንጋጫ ላይ የአባታችን እህት፣ ሙዱላ ላይ ደግሞ የእማ ታናሽ እህት ባል። አሁን ዳምቦያ ላይ ኸይረዲን ተጨምሯል።

እማ እርሙ የትም አይሄድም፣ ከዳንክ በኋላ ትዞራለህ አለችው። እሱ የታመመውን እግሩን እያሻሸ መለሰላት።

"ማደንዘዣ ይሰጡኛል፣ እማ። ብነቃ ጥሩ። ባልነቃስ? ለአንድም ሰው ሳላለቅስ ሄድኩ ማለት እኮ ነው።"

ነገሩን የዳኘው የአባታችን ታላቅ ወንድም አባባ ጴጥሮስ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲጣላ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ማስከፋት ያውቅበታል። ገንዘቡ ለሁለት ይከፈል አለ፤ የሐኪሙ ዋጋ ለብቻው ይታሰር፣ ማንም አይንካው። የተረፈው የመንገድና የለቅሶ ይሁን። እሱ ሲያልቅ መንገዱም ያልቃል፤ የትም ቤት ይቅር የት፣ አጵሎስ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የታሰረውን ማን ይያዝ ሲባል ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

"ቲቶ ይያዘው። ሰማይ እያየ የሚውል ልጅ ገንዘብ የት ያውቅና ያጠፋል?"

ቤቱ ሳቀ። አጵሎስም መሳቅ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው።

አጵሎስ የአባታችን መቃብር ላይ አለቀሰ፤ ከሆሳዕና የወጣነው ከዚያ በኋላ ነው። የታሰረውን ገንዘብ እማ በጨርቅ ጠቅልላ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ፤ የመንገዱ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ካገሬ ወጥቼ ሩቅ የመሄድ ሐሳብ ከልጅነቴ ጀምሮ ነበረኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ደግሞ ሐሳቡ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ለቅሶ ይሁን ምን ይሁን፣ ወደማላውቃቸው ከተሞች መሄዴ በስውር ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ግን መንገድ ሲባል ፊቱ ላይ ምንም የለም። መንገድ የጠገበ ሰው ነው።

የገንዘብ አወጣጡን ግን መቼም አልለመድኩትም። ለራሱ ሲሆን ከድንጋይ ይጠነክራል። ባጃጅ እያለ በእግሩ ያነክሳል። ምሳ ሲደርስ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ይገዛና ከሁለት ሰብሮ ትልቁን ለኔ ይሰጠኛል። ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ከኋላ፣ ጎማው ላይ ካለችው ወንበር ይቀመጣል፤ እዚያ ታሪፉ ይቀንስ ይመስል። አንዴ ረዳቱ ከየት እንደመጣ ጠይቆት ሲነግረው አላመነውም። "ደቡብ አፍሪካ? አንተ ከወፍጮ ቤት ነው የመጣኸው" አለና ተሳፋሪውን አሳቀበት። ለለቅሶ ቤት ሲሆን ግን ሱቅ ይገባል፣ ከተደረደረው ብርድ ልብስ ወፍራሙን ያስወርዳል፣ ዘይትና ስኳር ያስጨምራል፣ ዋጋ አይከራከርም። ባለሱቁ ራሱ ዓይኑን እያየ ይቀንስለታል።

ሞርሲቶ የአጎቴ የብዙነህ ቤት ስንደርስ ጭቃው ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ነበር። አጵሎስ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። የሚያለቅስ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። እንደዚያ እንደቆመ የአጎቴ ሚስት ከጓሮ በቆረጠችው የእንሰት ቅጠል ጭንቅላቷን ከካፊያው ከልላ መጣች። አየችው። ቅጠሉን ጣለችና "አሁን መጣህ?" አለችው፣ ልክ ገበያ ልካው የዘገየባት ይመስል። ያን ጊዜ ወጣለት። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከሱ ውስጥ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ቤተ ክርስቲያን ጩኸቱን ባትወደውም ማንም አላስቆመውም። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ተቀምጦ ስለ ብዙነህ ማውራት ጀመረ፤ በሬውን በስሙ ሲጣራ፣ ሚስቱን በእንግዳ ፊት ሲያበሽቃት። ሲመሽ አጵሎስ ቆጮና ጎመን በላ፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተኛ፤ እስኪረፍድም አልነቃም። ከመጣ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነበር የምሰማው።

"ዛሬ እግሬን አላመመኝም" አለኝ ሲነሣ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

እዚያ ሳምንት ያህል ቆየን። ስንወጣ ለአጎቴ ሚስት ያስጨበጣትን አየሁና መንገድ ላይ ነገርኩት። እንዲህ ከሆነ ከአንጋጫ አናልፍም አልኩት። ለእያንዳንዱ ቤት እኩል አድርገን እንመድብ፣ ከዚያ አንለፍ፤ ምናልባት ስኳሩን ብንተወው። ልክ ነህ አለኝ። አንጋጫ ስንደርስ ሁለት ብርድ ልብስ ገዛ።

አንጋጫ የአክስታችን ልጅ ቤቴል አስተማሪ ናት፤ ምላሷም እንደ አስተማሪ ነው። ከተለቀሰ፣ ከተበላ በኋላ አጠገቡ ተቀመጠችና ትነዘንዘው ጀመር። እናቴ በታመመች ጊዜ ደውለህ ነበር፣ በሞተች ጊዜ ግን ስልክህ ዝግ ነበር አለችው።

"ካርድ አልነበረኝም" አላት።

"ሱቅ እያለህ?"

"ቤቴል፣ ካርድ የሚሸጥ ሰው የራሱን ካርድ ከሞላ ይከስራል።"

ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። "ብትመጣስ ምን ልታደርግ ነበር፣ አንተ መለጎም እንጂ ምን ታውቃለህ" አለችና ትከሻውን በቡጢ መታችው። እሱም አብሯት አለቀሰ፤ ግን የሞርሲቶው ዓይነት አልነበረም፣ ለስለስ ያለ ነበር። እያለቀሰ በሄደ ቁጥር ቀለል እያለው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ቤት በወጣ ቁጥር ከፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይነሣል። እግሩ ግን እያበጠ ነው። ጠዋት ካልሲውን ሲያወልቅ ከዳሌው እስከ ጣቶቹ የወረደውን እብጠት ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

ዱራሜ ስንደርስ የመንገዱ ገንዘብ አለቀ። መናኸሪያው ውስጥ፣ ከዝናብ ተጠልለን ሳለ፣ ኪሴን ገልብጬ አሳየሁት። ነሐሴ ጋምሷል፤ ሁለት ቤት ይቀረናል።

"ከሐኪሙ ላይ ስጠኝ" አለኝ።

"እሱ አይነካም ተብሏል፣ ጋሼ።"

"ያለው አባባ ጴጥሮስ ነው። እግሩ የኔ ነው።"

"እግሩ ያንተ ነው፤ ሲቆረጥ የምሸከምህ ግን እኔ ነኝ።"

ይህን ስለው ሳቀ፤ የምሬን ነበር የተናገርኩት። ከዚህ ተነሥተን በቀጥታ አዲስ አበባ እንሂድ፣ ሙዱላና ዳምቦያ ስትድን ይደርሳሉ ብዬ ለመንኩት። ሙዱላን ብንተወው እሺ ይል ነበር መሰለኝ። ዳምቦያን ግን ለመጨረሻ ያቆየው ራሱ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ከሄደ ሌሎቹን ለማልቀስ አቅም የሚያጣ መስሎት። አሁን ስለ ሌሎቹ አይደለም የሚያስበው።

"ለኸይረዲን እናት ባዶ እጄን ልሂድ?"

"አንተን ማየቷ አይበቃትም?"

"እኔን ማየት ምን ያደርግላታል፣ ቲቶ? እኔ እኮ የቀረሁት ነኝ።"

ሸሚዜን ገልጬ ጨርቁን ፈታሁ። ለሁለት ቤት የሚሆን አወጣሁና መልሼ አሰርኩት። ጉድለቱ በጣቴ ይታወቀኝ ነበር።

እማ በየምሽቱ ትደውላለች። ያን ቀን እንደ ልማዷ ገንዘቡ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ትንሽ ተነክቷል አልኳት። ስንት እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገርኳት። እግሩስ አለች፤ እሱንም እንዳየሁት ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ "ይሁን፣ ልጄ" ብላ ዘጋችው። ድምፅዋ ሥራ እንዳገኘ ሰው ነበር።

ሙዱላ የገባነው በገበያ ቀን ነው። ዝንጅብልና ድንች በተከመረበት መሃል አቋርጠን የአክስታችን ቤት ስንደርስ፣ አጵሎስ ባርኔጣውን አውልቆ አጥሩ ጋ ቆመ። ገና አፉን ሲከፍት የሟቹ ወንድም አቶ ዕንባቆም ከውስጥ ሮጦ ወጣና መዳፉን በቀስታ አፉ ላይ አደረገበት።

"በቃ ልጄ፣ በቃ። ያለህበትን ሰምተናል። እናትህ ደውላለች።"

ደግፈው አስገቡት። ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ተነጥፎ ነበር። አስተኙት፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቀሉለት። አክስታችን አጠገቡ ተቀምጣ ግንባሩን ትዳብሳለች፤ እሱ ስለ ባልዋ ሊያነሣ ሲሞክር "እሱ ጌታ ጋ ነው፣ አንተ አትድከም" ትለዋለች። ከሰዓት የጸሎት ኅብረቱ መጣ። ዙሪያውን ቆመው እጃቸውን ጫኑበትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩለት፤ አንዷ እናት ስታለቅስ እንባዋ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ወንድሜ ጣሪያውን ያያል። የገዛውን ብርድ ልብስ አክስታችን ለራሱ ደረበችበት። ሰዉ ሲወጣ እያንዳንዱ ከትራሱ ሥር የሆነ ነገር እያስቀመጠ ነው የወጣው። ድንች የሸጡ ሴቶች ሳይቀሩ ከመቀነታቸው ፈትተው አስቀመጡ። ለለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ ዝም ብለው፣ ፊቱን ሳያዩ።

ስንሄድ አቶ ዕንባቆም የተሰበሰበውን ለኔ አስረከበኝ። ወገቤ ላይ ሳስረው ከሆሳዕና ይዤው ከወጣሁት ይበልጥ ነበር። ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ ከቤት ከወጣን ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሐኪሙም ተከፈለ፣ ለቅሶውም ተደረሰ፣ አባባ ጴጥሮስ እንኳን ያላሰበው መላ ነው እያልኩ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

"ትናንት የሞተው ማን ነበር?" አለኝ አጵሎስ።

"የእትዬ ባል ነዋ።"

"እኔ መስሎኝ ነበር" አለ፣ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ለእማ ደውልና ዳምቦያ እንዳትደውል ንገራት አለኝ። ደወልኩ። እማ ገረማት። ዳምቦያ እንዲያውም መጀመሪያ የደወለችው እዚያ እንደሆነ ነገረችኝ። የኸይረዲን እናት ዘምዘም አለች፣ ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ከሷ በላይ የሚገባው የለም ብላ ነው። ሁለቱ በስልክ ብዙ ተላቅሰዋል፤ አሁን እንደ እህት ሆነዋል። ይህን ሁሉ ለወንድሜ ደገምኩለት። ዱራሜ መናኸሪያ ስንወርድ እንግዲህ ገንዘቡ ሞልቷል፣ ከዚህ በቀጥታ እንሂድ ብዬ እጁን ያዝኩት። እጁን አስለቀቀኝና "ዳምቦያ፣ ዳምቦያ" ወደሚሉት ሚኒባሶች እያነከሰ ሄደ።

የኸይረዲን ወንድም ሰዒድ ዳምቦያ መናኸሪያ ላይ ይጠብቀን ነበር። ራሱ ሚኒባስ ነጂ ስለሆነ ያመጣንን ሹፌር ያውቀዋል፤ ከእንግዶቼ ታሪፍ ተቀበልክ ብሎ በቀልድ አንገቱን አነቀው። መልኩ ኸይረዲንን ሳይመስል አልቀረም፤ አጵሎስ ሲያየው ዓይኑን መለሰ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ዘምዘም በር ላይ ቆማለች፤ ቀጭን፣ ቁመቷ ረጅም፣ ሻሽዋን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች። ወንድሜ ባርኔጣውን አወለቀ። እግሩ እያመመው ተንበረከከና ጉልበቷን ያዘ።

"ኸይሮ..." ብሎ ጀመረ።

"ተው ልጄ" አለችው። ብብቱን ይዛ አነሣችው። "እሱን አልቅሰን ጨርሰናል። አሁን ያለኸው አንተ ነህ።"

ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው የሚቀመጠው እንደዚያ ያለ ፍራሽ ላይ ነው። እዚያ ላይ አስቀመጡት። የኸይረዲን እህት ነጂባ ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጣ አመጣችና ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስባ እግሩን አጠበችው፤ ተው ቢላት አልሰማችውም። ጎረቤት መግባት ጀመረ። አንዱ ይገባል፣ "አላህ አፊያ ያድርግህ" ብሎ ጤና ይመኝለታል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ፍራሹ አጠገብ ያለችው ሳህን ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ሌላው ይገባል። ስለ ኸይረዲን የሚያነሣ ሰው የለም። እንዳያሙት፣ እንዳይረብሹት ተስማምተው የገቡ ይመስላሉ።

አጵሎስ ለሰዒድ ጠጋ ብሎ መቃብሩን አሳየኝ አለው።

"ስትድን" አለ ሰዒድ። "ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው። በዚህ እግርህ እንዴት አድርጌ ነው የማወጣህ?"

"ሰው ይደግፈኛል።"

"ስትድን እኔ ራሴ እወስድሃለሁ" አለች ዘምዘም ከወዲያ። "ወላሂ፣ እጅህን ይዤ።"

ሰዉ ገባ፣ ወጣ። ከዚያ ወደ ዘምዘም ዞሮ፣ ለሷ ብቻ እንደሚናገር፣ በጣም በዝቅታ፣ "እማማ፣ እኔ እኮ ጎኑ ነበርኩ" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ሲመታ—"

"አውቃለሁ አልኩህ። እኔ ንገረኝ አላልኩህም፣ ልጄ። ራስህን አታድክም።"

ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛለች። ፍራሹ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ መዳፉን ዘረጋችና ቋጠሮውን አስቀመጠችበት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈችለት።

"የኸይረዲን ለቅሶ ጊዜ ሰዉ ያዋጣው ነው። አንዲት ብር አልነካሁም፤ ምን ላድርግበት፣ ምን ይገዛበታል እያልኩ ነበር። ለእግርህ ይሁን። እሱ የተረፈ ያህል ይሆንልኛል።"

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች አሁን ነው ያለቀሱት። ነጂባ እግሩን የምታደርቅበትን ፎጣ ፊቷ ላይ አደረገች። እኔም ከዚህ በላይ ደግነት ምን አለ እያልኩ ወንድሜን አየሁት። እንባ የለውም። መሐረቡን ያየዋል። በሁለት እጁ ይዞ ክብደቱን የሚገምት ይመስላል፤ ሚኒባስ ውስጥ "እኔ መስሎኝ ነበር" ያለኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተነሣና ቋጠሮውን ፍራሹ ላይ፣ ተቀምጦ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በጥንቃቄ አስቀመጠው።

ሊጸዳዳ የፈለገ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት። ሰዒድ ሊደግፈው ብድግ አለ፤ በእጁ ምልክት አስቀመጠው። በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አደረገ፤ በበሽተኛው እግሩ ሲያደርግ ጊዜ ወሰደበት፤ ማሰሪያውንም አሰረ። ማንንም አላየም። እኔንም አላየኝም። ዘምዘም "በጓሮ በኩል ነው፣ ልጄ" አለችው። በፊት ለፊት በኩል ወጣ።

ትንሽ ጠብቀን ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ እጁን ዘርግቷል። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ አላነበብኩም። ኪሱ ውስጥ የታሪፍ እንኳን እንደሌለው ስለማውቅ "ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ ብብቱን ይዞ ጎትቶ አስገባው፤ በሩ ተዘጋ።

ዘምዘም ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። "ወዴት ነው የሄደው?" አለችኝ። ሚኒባሱ ኩርባው ጋ ደርሶ ነበር።